በጣና ዳር ሲያድሩ ተንቀሳቃሽ የእንጨት ምድጃ መጠቀም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከባሕር ዳር ወጣ ብለው በሐይቁ ዳርቻ ድንኳን ተክለው ለማደር የሚያስቡ ሰዎች ስለ ትንሿ የብረት ምድጃ የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ብዙውን ጊዜ ተመሳሳይ ናቸው። እዚህ በአንድ ላይ መልሻቸዋለሁ። የማልደብቀው አቋም አለኝ፦ በጣና ዳር እሳት አንድዶ ያመሸ ሰው ጠዋት ሲሄድ፣ ከእሱ በኋላ የሚመጣው እረኛ እዚያ ቦታ እሳት እንደነበረ እንኳ መለየት የለበትም። ምድጃዋን የምወዳት ይህን ስለምታስችል ነው።

ምድጃዋ ምን ዓይነት ናት? ከጉልቻስ በምን ትሻላለች?

ስፋቷ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ እግር ያላት፣ እንጨት የሚነድባት የብረት ዕቃ ናት። አንድ ሰው ከመኪና ወይም ከጀልባ ሊያወርዳት ይችላል። ከከሰል ማንደጃ የምትለየው ለፍልጥ እንጨት የሚበቃ ጥልቀት ስላላትና አመዷን ከሥሯ ባለ ሳህን ስለምትይዝ ነው።

ጉልቻ ለጓሮ ጥሩ ነው፤ ለሐይቅ ዳር ግን አልመክረውም። እሳት በቀጥታ መሬት ላይ ሲነድ የሣሩን ሥርና ዘር ይገድላል፤ ጥቁሩ ክብም ለረጅም ጊዜ ሳይሽር ይቆያል። ከዚህ የከፋው በደንገሉ አጠገብ ያለው መሬት ነው። ከበሰበሰ ሥርና ቅጠል የተደራረበ ስለሆነ በበጋ ሲደርቅ አፈሩ ራሱ ይነዳል። ከላይ የጠፋ የመሰለ እሳት ከሥር ሲጤስ አድሮ በማግሥቱ በሌላ በኩል ሊወጣ ይችላል። ድንጋዩም አያስተማምንም። የጣና ዙሪያ ድንጋይ በአብዛኛው እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ብዙው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ከውኃ ዳር የተነሣ ድንጋይ እሳት ሲያገኘው በውስጡ የያዘው ውኃ ወደ እንፋሎት ይለወጥና መውጫ ያጣል፤ ያኔ ድንጋዩ ይፈነዳል። ስባሪው ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ባለ ሁለት ግድግዳ ምድጃ በእርግጥ ጭስ የለውም?

ጭሱ በጣም ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። አሠራሩን መረዳት ይጠቅማል፤ ምክንያቱም አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣው ከምድጃው ሳይሆን ከአያያዙ ነው።

ጭስ ማለት ሳይነድ ያመለጠ ነዳጅ ነው። እንጨት ሲሞቅ መጀመሪያ ውኃው ይተናል፤ ቀጥሎ ተቀጣጣይ ጋዞች ከውስጡ ይወጣሉ። እነዚህ ጋዞች በቂ ሙቀትና አየር ካላገኙ ጭስ ሆነው ዓይናችን ውስጥ ይገባሉ። በባለ ሁለት ግድግዳ ምድጃ አየር ከታች ባሉት ቀዳዳዎች ይገባል። ከፊሉ በቀጥታ ወደ ፍሙ ይሄዳል፤ ከፊሉ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየሞቀ ወደ ላይ ይወጣና ከምድጃዋ አፍ በታች በተደረደሩት ትናንሽ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ይገባል። ይህ የጋለ አየር ከጭሱ ጋር ሲገናኝ ጭሱ ራሱ ይነዳል። ምድጃዋ በደንብ ስትሠራ ከእነዚያ ቀዳዳዎች ላይ የተነሡ የሚመስሉ ትናንሽ ነበልባሎች ይታያሉ፤ ማየቱ ራሱ ደስ ይላል።

ይህ የሚሆነው ግን ምድጃዋ ስትግል ነው። በመጀመሪያዎቹ 10 ወይም 15 ደቂቃዎች ማንኛዋም ምድጃ ትጨሳለች። እርጥብ እንጨት ከጨመሩባት፣ እንጨቱን ከላይኞቹ ቀዳዳዎች በላይ ከቆለሉት ወይም አመዱ የታችኞቹን ቀዳዳዎች ከደፈናቸው ያ ሁሉ ጥበብ ከንቱ ይቀራል። ባለ አንድ ግድግዳዋም ብትሆን በቀጭኑ በተፈለጠ ደረቅ እንጨት ከተያዘች ጭሷ የሚያስቀይም አይደለም። ገንዘብዎ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከውድ ምድጃ በፊት ደረቅ እንጨት ይግዙ።

ባሕር ዳር ውስጥ ማሠራት እችላለሁ?

ይችላሉ። ላሜራ የሚቆርጥና የሚበይድ የብረታ ብረት ቤት ሁሉ ይሠራታል፤ ምን እንደሚፈልጉ ግን አስቀድመው ይንገሩ። ላሜራው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ጥሩ ነው፤ የሳሳው በሙቀት ይጣመማል፣ የወፈረው ለሸክም ይከብዳል። እግሮቿ ሆዷን ከመሬት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ያርቁት። ከሥሯ ያለው ሳህን ከሆዷ ሰፋ ይበል፤ ፍም ከመያዙም በላይ ሙቀቱ ወደ ሣሩ እንዳይወርድ ይጋርዳል።

የጣራ ቆርቆሮ እንዳይጠቀሙ ይጠንቀቁ። በላዩ የተለበጠው ዚንክ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጭስ ወደ ሳንባ ከገባ ትኩሳትና ብርድ ብርድ የማለት ሕመም ያስከትላል። አሮጌ የመኪና ቸርኬ የብረት ከሆነና ክብደቱን ከቻሉት ያገለግላል። የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን አይሆንም፤ ንጹሕ አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ የእንጨት ፍም ደግሞ ከዚያ በላይ ሊግል ይችላል። ባዶ የጋዝ ሲሊንደር አስቆርጠው ምድጃ ለማሠራት በፍጹም አያስቡ። ባዶ ይመስላል እንጂ በውስጡ የቀረው ጋዝ በመቁረጫው ፍንጣሪ ሊፈነዳ ይችላል፤ የሚጎዳውም ምስኪኑ በያጅ ነው።

አዲስ ምድጃ ምግብ ሳይጣድባት አንድ ጊዜ በደንብ ትንደድ፤ በላሜራው ላይ ያለው ዘይት በዚያው ይቃጠላል።

ድንኳኑንና ምድጃዋን እንዴት ላስቀምጣቸው?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህኛው የበለጠ ትኩረት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በሐይቅ ዳር የቀኑና የሌሊቱ ነፋስ አንድ አይደለም። ቀን ላይ የብሱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ ቀዝቀዝ ያለው የሐይቅ አየር ቦታውን ይይዛል፤ ከሰዓት በኋላ ከውኃው ወደ መሬት የሚነፍሰው እሱ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ውኃው ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ሌሊት ነፋሱ ይገለበጥና ከየብሱ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። በሁለቱ መካከል፣ አመሻሹ ላይ፣ ነፋስ የሌለበት ጊዜ አለ።

ብዙ ሰው እሳቱን የሚያቀጣጥለው በዚያ ጸጥታ ነው። ቅጠል ስለማይወዛወዝ ድንኳኑ የትም ቢተከል ለውጥ ያለው አይመስለውም። ሌሊቱ ሲገፋ፣ ሰው ሁሉ እንቅልፍ ሲጫጫነው፣ ነፋሱ በሌላ በኩል ይመጣና ፍንጣሪውን በቀጥታ ወደ ድንኳኑ ይወስደዋል። የድንኳን ሸራ በአብዛኛው ከናይለን ወይም ከፖሊስተር ስለሚሠራ አንዲት የፍም ስባሪ ትበቃዋለች።

የምመክረው ይህን ነው፦ ድንኳኑና ምድጃዋ ከውኃው እኩል ርቀት ላይ፣ ጎን ለጎን ይሁኑ። ፊትዎን ወደ ሐይቁ አዙረው ቢቆሙ ድንኳኑ በቀኝዎ፣ ምድጃዋ በግራዎ ትሆናለች፤ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ሜትር ይኑር። እንዲህ ሲሆን የቀኑም የሌሊቱም ነፋስ ፍንጣሪውን በድንኳኑ ጎን ይዞት ያልፋል። ድንኳኑ በእሳቱና በውኃው መካከል ከተተከለ ሌሊት ይቸገራሉ፤ እሳቱ በድንኳኑና በውኃው መካከል ከሆነ ደግሞ ከሰዓት በኋላ።

ምድጃዋ የምታርፍበት ቦታ ባዶ አፈር ወይም አሸዋ ይሁን። ዙሪያዋን 2 ሜትር ያህል ደረቅ ሣርና ቅጠል ይጥረጉላት። በላይዋ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ አይኑር። ከደረቀ ደንገል ደግሞ በተቻለ መጠን ይራቁ፤ 30 ሜትር ቢሆን ደስ ይለኛል። የደረቀ ደንገል አንዴ ከተያያዘ በባልዲ ውኃ የሚመለስ አይደለም። ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍ የሚፈለፈልበት፣ ታንኳ የሚሠራበት እሱ ነው።

እሳት ጉማሬን ያርቃል?

በዚህ አይተማመኑ። ጉማሬ ቀን ውኃ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል፤ የሚወጣውም በለመደው መንገድ ነው። በደንገሉ መካከል የተረገጠ ሰፊ መተላለፊያ፣ ትልልቅ ዱካ ወይም ቁጥቋጦ ላይ የተበተነ ፋንድያ ካዩ ያ ቦታ የእርስዎ ማደሪያ አይደለም። ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ውኃው ስለሆነ በእሱና በሐይቁ መካከል ከመገኘት የከፋ ነገር የለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ መኖሩ የታወቀ ነው። ሌላ ቦታ ከሆነ ዓሣ አጥማጆችንና ታንኳ ቀዛፊዎችን ይጠይቁ፤ የትኛው መንገድ የማን እንደሆነ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

በፈለግሁበት ቦታ እሳት ማንደድ እችላለሁ?

አይችሉም። በጣና ዳር ባዶ የሚመስለው ቦታ የአንዱ መንደር ግጦሽ፣ የአንዱ ገበሬ የባሕር ሸሽ እርሻ (ውኃው ሲሸሽ የሚታረስ መሬት) ወይም የገዳም ይዞታ ነው። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ ውስጥ የገባ ሐይቅ ነው፤ በውስጡ ምን እንደሚፈቀድና እንደማይፈቀድ እንደየቦታው ይለያያል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀበሌውን፣ ቀጥሎ የመሬቱን ባለቤት ይጠይቁ። የአካባቢውን ጸጥታና የሌሊት እንቅስቃሴ ገደብ መኖር አለመኖሩንም በዚያው አጋጣሚ ይጠይቁ፤ ይህ ሳይታወቅ ከከተማ ወጥቶ ማደር አይገባም።

በጣና ዳር ስላለው የገዳማት ሥፍራ፣ ስለ ዘጌ ልሳነ ምድር፣ ብዙ ሰው ይጠይቃል። በዘጌ ደን ውስጥ በምንም ዓይነት ምድጃ እሳት አያንድዱ። ያ የቡና ደን እስከ ዛሬ የቆየው በገዳማቱ ሥርዓት ማረስና ከብት ማርባት ተከልክሎ ስለኖረ ነው። ከዛፎቹ ሥር ያለው መሬት በደረቅ ቅጠል የተሸፈነ ነው። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት አብያተ ክርስቲያናት ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው፤ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉት ሥዕሎችም በጨርቅ ላይ የተሣሉ ናቸው። ለአንድ ምሽት ጨዋታ ተብሎ ይህን ሁሉ ለአደጋ ማጋለጥ ለእኔ የማይታሰብ ነው። በደሴት ገዳማትም ያለ አባቶች ፈቃድ ማደርም ሆነ እሳት ማንደድ አይገባም።

ለጀማሪ የምመርጠው በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎችና ሎጆች በአንዱ ግቢ ውስጥ አስፈቅዶ መጀመርን ነው። ውኃ ቅርብ ነው፣ ዘበኛ አለ፣ ምድጃዋንም በሰላም ይለማመዷታል።

የትኛው እንጨት ይሻላል?

ለባሕር ዳር ሰው መልሱ ደረቅ ባሕር ዛፍ ነው። ለዚሁ ተብሎ የሚተከል፣ ሲቆረጥ መልሶ የሚያቆጠቁጥና ተፈልጦ የሚሸጥ ስለሆነ የማንንም ደን አይነካም። አዲስ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ግን ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው። እሱን መግዛት ውኃ በኪሎ መግዛት ነው። ተፈልጦ፣ አየር በሚያገኝበት ቦታ ተደርድሮ አንድ በጋ ያለፈው ይፈልጉ። ደረቅ መሆኑን ለመለየት ጫፉን ይመልከቱ፤ ከመሐል ወደ ዳር የተሰነጣጠቀ ይሆናል። ሁለት ፍልጦችን ያጋጩ፤ የደረቀው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ድፍን ያለ። ልጡ በቀላሉ የሚላቀቅ መሆኑም ጥሩ ምልክት ነው። ውፍረቱን በተመለከተ ለትንሽ ምድጃ ከሰው አንጓ ያልበለጠ፣ ርዝመቱ ደግሞ ከምድጃዋ አፍ ያነሰ ይሁን። ጫፉ ወደ ውጭ የወጣ እንጨት ሲነድ ተሰብሮ ሣር ላይ ይወድቃል።

ክትክታ ካገኙ በጣም ጥሩ ነው፤ ቀጭን ነው፣ በኃይል ይነዳል። ግራር ጥሩ ፍም ይሰጣል። ጥድ ሽታው ደስ ቢልም ፍንጣሪ ስለሚያበዛ ድንኳን ባለበት አልመርጠውም። ወይራ የሚሰጠው ፍም ወደር የለውም፤ ነገር ግን ለመድረስ ብዙ ዘመን የሚፈልግ የአገር ዛፍ ነው። ለምሽት ሙቀት ብሎ ወይራ ማንደድ ይቆጨኛል። ዋንዛና ዝግባ ሲቆርጥ ካዩት ሰው እንጨት አይግዙ፤ ሕግ የሚጠብቃቸው ዛፎች ናቸው።

ቅንጭብና ቁልቋል ፈጽሞ ወደ እሳት አይግቡ። ወተት የመሰለው ፈሳሻቸው መርዛም ነው፤ ጭሳቸውም ዓይንና ጉሮሮ ይለበልባል። ቀለም የተቀባ ጣውላ፣ ኮምፔንሳቶ፣ ቺፑድ፣ ፌስታልና የፕላስቲክ ጠርሙስም እንዲሁ አይነደዱም፤ ሙጫቸውና ቀለማቸው ሲነድ የሚያወጡትን መርዝ እርስዎም ልጆችዎም ትተነፍሱታላችሁ።

በዳርቻው ወድቆ ያገኘሁትን እንጨት ብለቅምስ?

ይተዉት እላለሁ። የወደቀው ጭራሮ ለእርስዎ ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ለአካባቢው እናቶች ግን የነገ ማገዶ ነው። ከከተማ በመኪና የመጣ ሰው እንጨቱን ከከተማ ገዝቶ ይምጣ፤ ወይም እዚያው ከመንደሩ ሰው በገንዘቡ ይግዛ። ሁለተኛው የተሻለ ነው። ውኃ ዳር የተገኘ እንጨት በዚያ ላይ እርጥበት ስለማያጣ ጭሱ ያስለቅሳል።

የደረቀ እምቦጭ ማንደድ ይቻላል?

ሐሳቡ ከቅንነት የሚመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ። እምቦጭ በጣና ላይ ከታየበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ምን ያህል ሰው በእጁ ሲያወጣው እንደኖረ ሁላችንም እናውቃለን። ለምድጃ ግን አይረባም። እርጥብ እምቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውኃ ነው፤ ለመድረቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፤ ከደረቀ በኋላም እንደ ገለባ ቦግ ብሎ ያልቅና ብዙ አመድ ትቶ የአየር ቀዳዳዎቹን ይደፍናል። ዘሩ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት መቆየት ይችላል። በምድጃ ጆንያ ውስጥ ይዘውት ወደ ሌላ ሐይቅ ወይም ግድብ ቢሄዱ ምን ሊከተል እንደሚችል ያስቡት።

ለአንድ ምሽት ስንት እንጨት ይበቃኛል?

30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላላት ምድጃ በሰዓት ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም ደረቅ እንጨት ብለው ያስሉ። ለሦስት ሰዓት ጨዋታ 8 ኪሎ ግራም ያህል ማለት ነው። ለማቀጣጠያ አንድ እቅፍ ጭራሮ ይጨምሩበት።

እንዴት ላቀጣጥላት?

ሁለት ወፍራም ፍልጥ ከታች ያጋድሙ፣ በላያቸው ቀጫጭኑን አመሳቅለው ይደርድሩ፣ ከሁሉ በላይ ጭራሮና ትንሽ ወረቀት ወይም የሻማ ቁራጭ ያስቀምጡና ከላይ ይለኩሱ። እሳቱ ወደ ታች ሲወርድ ከሥር የሚነሣው ጋዝ በነበልባሉ መካከል ማለፍ ስላለበት ጭሱ ገና ከመጀመሪያው ያነሰ ይሆናል። ከሥር ለኩሶ በአፍ እፍ ሲሉ መኖርን ለለመድን ሰዎች እንግዳ ነገር ነው፤ ይሞክሩት። የባሕር ዛፍ ደረቅ ቅጠል በዘይቱ ምክንያት ቶሎ ይይዛል፤ እፍኝ ይበቃል። ቤንዚን ግን በምንም ምክንያት አይጠቀሙ። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ትነቱ ነው፤ ትነቱ ደግሞ ክብሪቱን የያዘው እጅ ድረስ ቀድሞ ይደርሳል።

ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። ፍም ብቻ ሲቀር ድንኳን ውስጥ ባስገባትስ?

አያስገቧት። በር ከፍተውም ቢሆን፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን አያስገቧት።

ጭስ የሌለው ፍም ንጹሕ ይመስላል፤ አደጋውም ያ ነው። ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ስለሚይዝ ሰው ሳያውቀው ይታፈናል። ምልክቶቹ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ናቸው፤ ሰውየው ግን የደከመው ይመስለዋል፣ ይተኛል፣ አይነቃም። በአገራችን በከሰል ፍም ሳቢያ በተኙበት የቀሩ ቤተሰቦች ሐዘን ስንት ጊዜ ተሰምቷል! ድንኳን ደግሞ ከክፍል ይብሳል፤ ጠባብ ነው።

ለሙቀት ሌላ መንገድ አለ። በደንብ የሚዘጋ ጠርሙስ ወይም የውኃ ላስቲክ ሙቅ ውኃ ሞልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው እግርዎ ሥር ያድርጉት። ከሥርዎ የሚነጠፈው ከላይዎ ከሚለበሰው እኩል ያስፈልጋል፤ ብርዱ ከመሬት ይመጣል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ስለሚችል በአንድ ጋቢ አይመኑ።

ጭሱ የወባ ትንኝን ያባርርልኛል?

ጥቂት ሊያውካት ይችላል፤ ከወባ ግን አያድንም። ምድጃዋ በጥሩ ሁኔታ በሠራች ቁጥር ጭሷም እየቀነሰ ስለሚሄድ ይህን ከእሷ መጠበቅ አይቻልም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ባሉት ወራት በተለይ አጎበር ይዘው ይምጡ፤ ሲመሽ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ።

ምን ማብሰል እችላለሁ?

በምድጃዋ አፍ ላይ ፍርግርግ ብረት ካሠሩላት ብዙ ነገር። ዋናው ነገር ትዕግሥት ነው፦ ማብሰል በፍም እንጂ በነበልባል አይደለም። 40 ደቂቃ ያህል አንድደው ነበልባሉ ሲወርድ ይጀምሩ። ከጠዋቱ ጀልባ የተገዛ ቀረሶ ተጠርጎ፣ ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ፣ ጨውና ሎሚ ተደርጎበት በፍም ላይ ሲጠበስ ከምጣድ ጥብሱ ይበልጥብኛል። አምባዛ ሥጋው ወፍራም ስለሆነ ቀስ ብሎ ይብሰል። የትኛውንም ዓሣ ሥጋው ከአጥንቱ እስኪለቅ ሳያበስሉ አይብሉ። አንጀቱንና አጥንቱን በድንኳኑ አካባቢ አይጣሉ፤ ጅብ ይጠራል። በመስከረምና በጥቅምት በሰፈሩ የበቆሎ እሸት ሞልቷል፤ ድንች ደግሞ ረመጥ ውስጥ ቀብረው ይርሱት።

ለቡና ጀበናውን በነበልባል ላይ አይጣዱ፤ ባልተመጣጠነ ሙቀት ሸክላው ይሰነጠቃል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ውኃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ስለዚህ ባቄላና ምስር በቆላ ከሚፈጅባቸው ጊዜ በላይ ይፈልጋሉ፤ ለእነሱ ብሎ እንጨት ከመጨረስ ከቤት ቀቅሎ መምጣት ይሻላል።

ልጆች አብረውን ካሉ?

በምድጃዋ ዙሪያ መሬት ላይ የአንድ ሜትር ተኩል መስመር ይስመሩና ልጆቹ እንዳያልፉት ይንገሯቸው። እሳቱን በየተራ የሚጠብቅ አንድ አዋቂ ይመደብ፤ ሁሉም ይጠብቃል የተባለ እሳት ማንም አይጠብቀውም። የብረቱ ውጫዊ ግድግዳ ነበልባል ባይታይበትም ሥጋ ያቃጥላል፤ ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ። የነጠላና የጋቢ ጠርዝ ወደ ምድጃዋ እንዳይንጠለጠል ወደ ትከሻ ይሰብሰብ።

ሰው ከተቃጠለ ቁስሉን ለ20 ደቂቃ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ እያፈሰሱ ያብርዱ። ቅቤ፣ እንቁላልና የጥርስ ሳሙና አይቀቡበት። የሐይቁን ውኃ አይጠቀሙ፤ በጣና ዳርቻ ብልሃርዚያ አለ። ለዚሁ የሚሆን አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውኃ ከምድጃዋ አጠገብ አይጥፋ። ፊት፣ እጅ ወይም መገጣጠሚያ ከተቃጠለ፣ ውኃ የቋጠረው ቁስል ከመዳፍ ከሰፋ፣ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ እስኪነጋ አይጠብቁ፤ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ።

ስተኛ እንዴት ላጥፋት?

ከመተኛትዎ አንድ ሰዓት በፊት እንጨት መጨመር ያቁሙ። ትንሽ ምድጃ አየር በደንብ ስለምታገኝ የቀረውን እስከ አመድ ድረስ ትጨርሰዋለች። ፍም ቀርቶ ከሆነ ውኃ በእጅዎ እየረጩ በእንጨት ያማስሉት፤ በአንድ ጊዜ ባልዲ አይድፉባት። ድንገት የሚነሣው እንፋሎት ፊት ይለበልባል፣ የጋለው ላሜራም ይጣመማል። መጥፋቷን የሚያረጋግጠው እጅ ነው፤ መጀመሪያ መዳፍዎን ከአመዱ በላይ ይዘርጉ፣ ሙቀት ካልተሰማዎ ቀስ ብለው ይንኩት። የሚፋጅ አመድ ትተው አይተኙ።

ነፋሱ ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ ከሆነ፣ ወይም በመጋቢትና በሚያዝያ ሣሩ በእግር ሲረገጥ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ግን ጥያቄው ስለ ማጥፋት መሆን የለበትም፤ ያን ምሽት አያንድዱ።

አመዱን ሐይቅ ውስጥ ብደፋው ምን ችግር አለው?

አለው። አመድ ፎስፎረስና ፖታሲየም ይይዛል፤ ሁለቱም የተክል ምግብ ናቸው፣ እምቦጭም ተክል ነው። የአንድ ምድጃ አመድ ሐይቁን አይለውጠውም ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ምቹ ዳርቻ በየሳምንቱ የሚያድረው ሰው ሁሉ እንዲህ ካለ ያ ጥግ ከአመድ አያርፍም። ለጀልባ የሚመቸውና ሕፃናት የሚታጠቡበትም ያው ጥግ ነው። ክዳን ያለው ቆርቆሮ ጣሳ ይያዙ፣ የበረደውን አመድ በእሱ ሞልተው ወደ ቤት ይውሰዱ። ፌስታል ውስጥ አይክተቱት፤ አመድ ውስጥ የተቀበረ ፍም አንድ ቀን ሙሉ ሊቆይ ይችላል፣ የመኪና ኮፈን ውስጥ መንቃቱን ማንም አይፈልግም። ንጹሕ የእንጨት አመድ ጓሮ ላለው ለጎመኑ ጥሩ ነው፤ በስሱ ይበትኑት።

ምድጃዋ እንዳትዝግ ምን ላድርግ?

አመድ እርጥበት ስለሚስብ በውስጧ አይደር። ቤት ሲደርሱ ያራግፏት፣ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጓት፣ ስስ የምግብ ዘይት ቀብተው ዝናብ የማይነካት ቦታ ያስቀምጧት። የአየር ቀዳዳዎቿን በሽቦ ይጥረጉ። ከክረምት በፊት ደግሞ የእግሮቿን ብየዳ ይመልከቱ፤ ከሁሉ ቀድሞ የሚለቀው እሱ ነው።